የሰባ አምስት ልጅ

«ስምንት ዓመት ብንጨምርባት ምን ትሆናለች?» አለች አክስቴ ሸዋአየሁ። አነጋገሯ ሻይ ላይ ስኳር ስለመጨመር ነበር የሚመስለው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብዬ የቁርሱን ሳህን አጥባለሁ። ግድግዳ ስላችሁ ደግሞ ግድግዳ እንዳይመስላችሁ፤ ጭቃው በረገፈ ቁጥር እናቴ ካርቶን የምትለጥፍበት፣ ካርቶኑ ላይ የዘንድሮውን የሚሊኒየም ካላንደር የሰቀለችበት ነገር ነው። ከወዲያ ያነጠሰውን ከወዲህ ይማርህ እንለዋለን። እናቴ መልስ አልሰጠችም። የእናቴ ዝምታ ግን እንደ ሌላው ሰው ዝምታ አይደለም፣ ዓይነት አለው። ይሄኛው እሺ ልትል ስትል የሚመጣባት ነበር።

«አሁን ገና አስራ ሰባት ልትሞላ ነው» ቀጠለች አክስቴ። «ልጆቹን ቤሩት የምትልከው ሴትዮ ደግሞ ከሃያ አምስት በታች አልነካም ብላለች። በቃ የሰባ አምስት ትሁና! የደርግ ልጅ ናት እንበል። ማን ግንባሯን አንብቦ ያውቃል?»

ሳህኑ ሊያመልጠኝ ነበር። የቤሩት ወሬ ቤታችን ውስጥ ከገባ ሰንብቷል፤ እኔ ግን ስለ ሌላ ሰው ልጅ የሚወራ ነበር የመሰለኝ። ሽንቴ መጣ። እንዲያም ሆኖ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያናደደኝ ቤሩት መላኬ አይደለም። የደርግ ልጅ መባሌ ነው።

በኛ ግቢ ሰው የሚለየው በሃይማኖት ወይ በዘር ሳይሆን በተወለደበት መንግሥት ነው። ከቂርቆስ ቤተክርስቲያን ጀርባ የተጨናነቁ አምስት የቀበሌ ቤቶች ናቸው፤ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ መንግሥታቱ ግን ሁሉም አሉ። እትዬ ወርቄ የጃንሆይ ልጅ ናቸው። «እኛ የጃንሆይ ልጆች ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫችን እንነሳ ነበር» ይላሉ፣ አንድም ቀን ሳይነሱ። ጋሽ ሸምሰዲን ልብስ ሰፊው የዚያ ትውልድ ናቸው፤ ማለቴ፣ በስልሳ ስድስት ተማሪ ከነበሩትና በኋላ ጓደኞቻቸው ካለቁባቸው። ስለዚያ ጊዜ ከጠየቅናቸው መርፌ ላይ ክር መሰካት ይጀምራሉ፤ ክሩም ጥያቄው እስኪረሳ ድረስ አይገባም። አክስቴ የደርግ ልጅ ነኝ ባይ ናት። «እናንተ ምን ታውቃላችሁ? እኛ ለዳቦ ተሰልፈን፣ ለስኳር ተሰልፈን፣ ለሰልፍም ተሰልፈን ነው ያደግነው» ትለናለች፣ ሰልፉን ራሷ ያቋቋመችው ይመስል ደረቷን ነፍታ። እኛ የኢህአዴግ ልጆች ደግሞ ፍንዳታ ነን። ሱሪያችን ከወገባችን ይወርዳል፣ ሰላምታ አናውቅም፣ ሞባይል ሲጠፋብን እንጂ ሰው ሲሞትብን አናለቅስም። መስከረም ላይ ጥግ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሴት ልጅ ወለዱና ገና ክርስትና ሳትነሳ ሚሊኒየም ተባለች፤ እሷ እንኳ ከነሽንት ጨርቋ የራሷ ዘመን አላት። እኔ የተወለድኩት መንግሥት በተለወጠ በሳምንቱ፣ ግንቦት ሰማኒያ ሦስት ላይ ነው። ደርግን ለጥቂት ያመለጥኩት ሰው ነኝ። ይኸው ሊመልሱኝ ነው።

«ቢሊሴ!» አለች አክስቴ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ገባሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን አልጋው ይዞታል፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ አክስቴ ከቤሩት ስትመለስ ያመጣችልን ፍሪጅ። ፍሪጁ ከተሰካ የግቢው መብራት በሙሉ ስለሚጠፋ እናቴ ልብስ ታስቀምጥበታለች። አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እናቴ ሀብትነሽ የፍሪጁን በር ከፍታ የኔን ልብሶች አንድ በአንድ እያወጣች መልሳ ታጥፋለች። ቀድሞም ታጥፈው የነበሩ ናቸው።

«መቼም ሰምተሻል» አለች አክስቴ።

«ምኑን?»

«አትፎግሪኝ፣ ጆሮሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው ያደገው። ዛሬ መታወቂያ እናወጣልሻለን። ቀበሌዎቹ ሲዋሐዱ የድሮው መዝገብ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ምስክር ካቀረብን ያልነውን ይጽፉልናል። እትዬ ወርቄና ጋሽ ሸምሰዲን እሺ ብለዋል።»

«እኔስ እሺ ብያለሁ?»

«አንቺማ ልጅ ነሽ፤ ልጅ ደግሞ ምን ይጠየቃል?»

«ሃያ አምስት ዓመቷ ነው አላልሽም እንዴ?» አልኳት። ጥፊ ጠብቄ ነበር፤ እናቴ ግን እጇ ላይ ያለውን ሹራቤን እንደያዘች «ጉልበቴ እኮ ነው ልጄ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ጉልበቷን አውቀዋለሁ። ደምበል አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ደረጃ ታጸዳለች፤ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ ደህና ናት፣ ማታ ወደ ቤት ስትመጣ ግን የግቢያችንን አንድ ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ ትይዛለች። ሰሞኑን ደግሞ አሠሪዎቿ ግማሽ ቀን አድርገዋታል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ካዛንቺስ አንድ ፀጉር ቤት ፀጉር አጥባለሁ፤ ደሞዜ ጉርሻ ነው፣ ጉርሻ ደግሞ እንደ ሰው ፊት ነው፣ አንዳንድ ቀን ይጨልማል። ጤፍ በየሳምንቱ ስለሚጨምር ዋጋውን እናቶች በሹክሹክታ ነው የሚነጋገሩት፣ ጮክ ካሉ የሚብስ ይመስል። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ሹራቤን ከእጇ ተቀብዬ ራሴ አጠፍኩት።

ሃያ አምስት ዓመት የመሙላቱን ሥራ ራሴ ሠራሁት፤ እዚህ ግቢ ከኔ በላይ ባለሙያ የለም። ፀጉር ዕድሜ ያወራል። የኛ ዕድሜ ልጆች ሲመጡ ፒያስትራ ነው የሚፈልጉት፣ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ። የአክስቴ ዕድሜ ሴቶች ግን ፀጉራቸውን በቢጎዲን አስጠቅልለው ማድረቂያው ካስክ ስር ይገቡና ጆሯቸው እስኪቀላ ጋዜጣ ይዘው ይቀመጣሉ። እኔም የአክስቴን ቢጎዲን ጠቀለልኩ። የአክስቴን ጥቁር ጉርድ ለበስኩ፣ ተረከዝ ያለው ጫማዋን በጥጥ ሞልቼ ተጫማሁ። አክስቴ ከንፈሬን ቡናማ ቀለም ቀባችልኝ። መስታወቱ ውስጥ የታየችኝን ሴትዮ እትዬ ብዬ ልጠራት ምንም አልቀረኝ። ሚሊኒየምን ታጥባት የነበረችው ጎረቤታችን ሳልፍ አይታ «ማንን ፈለጉ?» አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ኦሎምፒያ ጋ ያለው ፎቶ ቤት አራት ጉርድ ፎቶ በአስራ አምስት ብር ያነሳል። ፎቶ አንሺው «አትሳቂ» አለኝ፤ አልሳቅኩም ነበር። ፎቶው እስኪወጣ ደጁ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን። ታክሲዎቹ ስቴዲየም፣ መገናኛ፣ ሳሪስ እያሉ ይጮኻሉ፤ አክስቴ በዚያ ጩኸት መሀል የደርግን ዘመን ታስጠናኛለች። የዳቦ ሰልፍ ላይ ሰው ወረፋውን የሚይዘው ድንጋይ አስቀምጦ ነው፣ የራስሽን ድንጋይ ከሰው ድንጋይ መለየት አለብሽ። ስኳር ከኅብረት ሱቅ ነው፣ በካርድ። አፈሳ ሲመጣ ጎረምሶቹ ኮርኒስ ላይ ይወጣሉ፣ እናንተ ሕፃናቱ ደጅ እየተጫወታችሁ ትጠብቃላችሁ። መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሰልፍ አለ። እኔ ጣቴን እያጠፍኩ እደግማለሁ። ትምህርት ቤት እንዲህ አጥንቼ ቢሆን ስድስተኛ ላይ አልቀርም ነበር።

«አባቷን ቢጠይቋትስ?» አለች አክስቴ በድንገት ወደ እናቴ ዞራ። «ሰባ አምስት ከተወለደች እኮ ዳባን ታውቀዋለች። ስምንት ዓመት አብራው ኖራለች።»

አባቴ ዳባ የጋራዥ መካኒክ ነበር፤ በሰማኒያ ሦስት የካቲት ወደ ግንባር ሄዶ በዚያው ቀረ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። በኛ ቤት ስለሱ አይወራም፤ ክልክል ሆኖ ሳይሆን እናቴ ስለማትጀምር፣ እኔ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር ስለማላውቅ ነው። አስከሬን አልመጣም፣ መርዶም በወጉ አልተነገረም። በሕይወቴ አንድም ጊዜ አባዬ ብዬ አላውቅም፤ ቃሉን በአፌ ብይዘው እንኳ የሰው ዕቃ ያነሳሁ ይመስለኛል።

እናቴ ታክሲዎቹን እያየች ነበር። «በትከሻው ነበር የሚይዝሽ» አለች።

መጀመሪያ ለኔ የምትናገር አልመሰለኝም።

«መስከረም ሁለት ዕለት። ሰዉ እንደ ባሕር ነው። አንድ እግር ጫማሽ ወለቀና ወደቀ፣ ነጭ ጫማ ነበር። እሱ አንቺን እንደተሸከመ ሰልፉን እየገፋ ተመልሶ አነሳው። የቀበሌ ሰዎቹ ጮኹበት። አልሰማቸውም። ከጋራዥ ሲመጣ እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ታጥቦም አይለቀውም። አንቺን ከመንካቱ በፊት እጁን ያሸት ነበር። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ያፏጫል፤ አንቺ ሮጠሽ ትከፍቺለታለሽ። እንዳላየ ሆኖ ‹ቢሊ የት ሄደች? ቢሊን ማን ወሰዳት?› እያለ በላይሽ ያልፋል። አንቺ እግሩን ትይዢዋለሽ።»

እናቴ በሕይወቷ እንዲህ ረጅም ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ምን እንደሆንኩ እንጃ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ እኔ የለሁም፣ አልተፀነስኩም። ግን ቤንዚኑ ሸተተኝ። ነጩ ጫማ ታየኝ፣ ማያያዣው ሳይቀር። «ከዚያስ?» አልኩ። «ከዚያስ እማዬ?» እሷም ነገረችኝ፤ እሱ የዳቦ ቅርፊት እንደሚወድና እኔ መሀሉን በልቼ ቅርፊቱን እንደማስቀምጥለት፣ ታምሜ አንድ ሌሊት ደረቱ ላይ እንዳሳደረኝ። ፎቶ አንሺው «ወጥቷል!» ብሎ ሲጣራ ተናደድኩበት። ስምንት ዓመት ሲጨመርብኝ ስምንቱንም ዓመት ከአባቴ ጋር ነው ለካ የሚጨምሩልኝ። ከዚያ ወንበር ስነሳ፣ እግዜር ይይልኝ፣ የሰባ አምስት ልጅ መሆን ፈልጌ ነበር።

ወደ ቀበሌው ስንሄድ ግን ፍርሃቱ ተመለሰ። ተረከዙ ኮረኮንቹ ላይ ይንሸራተታል፤ ቂርቆስን ስንሳለም እናቴ ከወትሮው ረዘም አድርጋ ተሳለመች። እኔም የምለምነው ጠፋኝ፤ ይሳካ እንዳልል ቤሩት አለ፣ ይክሸፍ እንዳልል የእናቴ ጉልበት አለ። በስተመጨረሻ እንዳሻህ አድርገኝ ብዬ አለፍኩ። እትዬ ወርቄ በነጠላቸው ተሸፋፍነው፣ ጋሽ ሸምሰዲን ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀበሌው በር ላይ ይጠብቁናል። ጋሽ ሸምሰዲን ቀና ብለው አላዩኝም። እትዬ ወርቄ ጉንጬን ሳሙኝና «አይዞሽ፣ እንዳሉኝ ነው የምለው፤ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ማግስት የተወለደች ነው የምላቸው» አሉኝ በጆሮዬ።

ወረፋው ረጅም ነበር። የውሃ እድፍ ያለበት ግድግዳ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር፣ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ፋይል፣ ከፋይሉ ጀርባ ደግሞ ኮቱን ወንበር ላይ የሰቀለ ሰው። ሊካሳ ይባላል፤ ሰዎቹ «አቶ ሊካሳ፣ አቶ ሊካሳ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ሽማግሌ ጠብቄ ነበር፣ እሱ ግን ወጣት ነው። ይሄ አስደሰተኝ፤ ፀጉር ቤት ወጣት ወንድ ሲመጣ ሁለት ሳቅ ካሳየሁት ጉርሻው አይቀርም። ተራችን ሲደርስ እናቴን «ይቀመጡ እናቴ» አለና ወደኔ ዞረ።

«የት ተወለድሽ?»

«እዚሁ ቂርቆስ።»

«መቼ?»

«ሰባ አምስት።»

ቀና አለ። ፊቱ በራ። «እኩያዬ ነሻ! እኔም የሰባ አምስት ነኝ!»

ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ የፈለገው ወሬ ነው። «እዚህ ቢሮ የኛ ዘመን ሰው አይመጣም እኮ። ወይ ሽማግሌ ነው ወይ ፍንዳታ። ፍንዳታዎቹ ደግሞ ስለ ዳቦ ሰልፍ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።»

«ድንጋያችንን እንጂ እኛን ማን ያገኘን ነበር» አልኩ። «የኔ ድንጋይ አፍንጫ ነበረው፤ በሱ ነው የምለየው።»

ከት ብሎ ሳቀ። አፍንጫውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ አክስቴ አላስጠናችኝም። «የኛ ሰፈር ልጆች ድንጋይ ይሰርቁ ነበር» አለ። «አፈሳስ?»

«እኛ ደጅ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን እንጠብቃለን። መኪናው ሲመጣ የሆነ ሰው ስም ጠርተን እንጣላለን፤ ያኔ ኮርኒስ ላይ ያሉት ይነቃሉ።»

«ተይ! እኛም እንደዚያ ነበርን እኮ!» ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያዳምጥ ጀመር። «ስምሽ ግን ይገርማል። በሰባ አምስት ቢሊሴ? የኔ ክፍል ውስጥ ሦስት አብዮት፣ ሁለት ትግል ነበሩ።»

«አባቴ ነው ያወጣልኝ።»

«አሉ?»

«በሰማኒያ ሦስት ሄዶ ቀረ።»

ሳቁ ከፊቱ ቀስ ብሎ ወረደ። «የኔም» አለ። ከዚያ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን ዝግ ባለ ድምፅ፣ ጠረጴዛው ላይ እየተጠጋ፣ «ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ።

አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። በቃ አዎ፣ ከዚያ ማኅተም። እኔ ግን ጀመርኩ። ትከሻውን ነገርኩት። ነጩን ጫማ ነገርኩት፣ ሰልፉን እየገፋ እንደተመለሰ፣ ቀበሌዎቹ እንደጮኹበት። ቤንዚኑን፣ ፉጨቱን። «ቢሊን ማን ወሰዳት እያለ በላዬ ያልፋል» ስል ድምፄ ተሰበረ፤ አላስመሰልኩም። አክስቴ ክንዴን ለቀቀችው። ሊካሳ መስኮቱን ያይ ነበር። እናቴ ወለሉን። ከውጭ የጫማ ጠራጊዎች ሳጥን ሲንኳኳ ይሰማል።

«ወይኔ ዳባ!»

እትዬ ወርቄ ነበሩ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ወገባቸው ላይ ሊያስሩ ይፈልጉታል። «ወይኔ ዳባ! ወይኔ ወንድሜ! ልጅህን አንድ ቀን ሳታያት! ስሟን እንኳ ሳትሰማው!»

ማንም ሊያስቆማቸው አልቻለም፤ እሳቸውም ራሳቸውን ማስቆም አይችሉም። ለአባቴ ድንኳን አልተተከለም፣ ሬሳ ሳይመጣ ማን ይተክላል፤ ስለዚህ እትዬ ወርቄ ስሙን በሰሙ ቁጥር፣ ቧንቧ ጋም ይሁን ገበያ፣ ያልተለቀሰለትን ያለቅሱለታል። የሞተ ሰው ስም ሲነሳ ዝም ማለት ለሳቸው ዕድሜ ሰው ነውር ነው። ያ ሁሉ ጥናት ሲደረግ ይሄን ያሰበ አልነበረም። ደረታቸውን መምታት ሲጀምሩ ጋሽ ሸምሰዲን እጃቸውን ያዟቸው፤ ያኔ የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሊካሳ እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «እማማ፣ ምን አሉ?»

«ይምታታባቸዋል» አለች አክስቴ ፈጥና። «የጃንሆይ ልጅ ናቸው እኮ፤ ዘመን ይቀላቀልባቸዋል።»

«እርስዎን አልጠየቅኩም።» እናቴን አየ፣ ጋሽ ሸምሰዲንን አየ። «በሐሰት መመስከር ያስከስሳል። ያሳስራል። ሰው አልነገራችሁም?» ከዚያ ወደኔ ዞረ። ዕድሜዬን የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፣ ሃያ አምስት የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «አንቺ ንገሪኝ። አባትሽን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

አዎ ካልኩ እትዬ ወርቄ ጃጅተዋል ይባልና ያልፋል፤ መታወቂያው ይወጣል፤ እኔም ቤሩት አንድ የማላውቀው ፎቅ ላይ መስኮት እወለውላለሁ፣ አባቴ ግን ከነትከሻው አብሮኝ ይሄዳል። አይ ካልኩ እሱ አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ ይሞታል። ለቅሶ እንኳ ቁጭ ሳልል። ወደ እናቴ ዞርኩ። ወለሉን ማየት ትታለች። የምታየኝ እንደዚያ ጊዜ ነበር፣ ልጅ ሆኜ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ስራመድ እንደምታየኝ፤ አትነካኝም፣ አትናገርም፣ ትንፋሿን ብቻ ይዛለች።

«አላየሁትም» አልኩ።

«መቼ ነው የተወለድሽው?»

«ሰማኒያ ሦስት። መንግሥት በተለወጠ በሳምንቱ።» ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ «በጭራሽ አላየሁትም» ብዬ ጨመርኩ።

የጀመረውን ካርድ ለሁለት ቀደደው። ጋሽ ሸምሰዲን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። «ሂዱ» አለ ሊካሳ። «ሁላችሁም። እኔ ምንም አልሰማሁም።» በሩ ጋ ስንደርስ ግን ጠራኝ። «ስሚ፣ አስራ ስምንት ሲሞላሽ ነይ፤ እኔው እጽፍልሻለሁ።» ፊቱን በእጁ አሸት አደረገ። «ያወራሽው… የኔን አባት መስሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ «ቀጣይ!» ብሎ ጮኸ።

ደጅ ስንወጣ አክስቴ ፈነዳች። «ወርቄ! ሙሾ አውርጂልን ብለን ነው የጠራንሽ?» አንቱታውም ቀረ። እትዬ ወርቄ «ምላሴ ይቆረጥ! ምላሴ ይቆረጥ!» ይላሉ። ጋሽ ሸምሰዲን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው እየጠቀለሉ፣ «እኔ ቃሌን ገና አልሰጠሁም ነበር» አሉ፤ በዚያ ቀን የተናገሩት ይሄን ብቻ ነው። እትዬ ወርቄን ደግፈው መንገድ አሻገሯቸው። አክስቴ ወደ እናቴ ዞረች። «ነገ ካዛንቺስ በኩል እንሞክራለን። የማውቀው ሰው አለ። ለቅሶ የማያውቅ ምስክር እፈልጋለሁ።»

«አትሄድም» አለች እናቴ።

«ምን አልሽ?»

«አትሄድም አልኩ።»

«በምን ልታበያት ነው? በዚያ ጉልበትሽ? ሀብትዬ፣ የማወራው ለአንቺ እኮ ነው! ያን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት ስወለውል የላክሁት ለማን ሆነና!» የአክስቴ ዓይን ሞላ፤ ያለቀሰች መስሎ እንዳይታይባት ታክሲ ጠራች። ታክሲው ሳይሞላ አይሄድም ነበርና መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ እኛ አስፋልቱ ዳር ቆመን፣ ሳንተያይ ብዙ ቆየን። ጫማዋን አውልቄ በመስኮት ሰጠኋት። «አድርጊው፣ በባዶ እግርሽ ልትሄጂ ነው?» አለች። አልፈልግም አልኩ። ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

እኔ በካልሲዬ፣ እናቴ በጫማዋ ወደ ቤት ሄድን። እናቴ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትራመዳለች፣ እኔ ጠጠር እየመረጥኩ። ዝምታዋ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም፤ አዲስ ነበር። ነገ ምን እንደምንበላ አሰብኩ፣ ከነገ ወዲያ ምን እንደምንበላ አሰብኩ፣ ፀጉር ቤት ሳልነግራቸው በመቅረቴ ያባርሩኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። የማስበው ሲያልቅብኝ ጠየቅኳት።

«ያ ሁሉ የነገርሽኝ ግን…»

«ውሸት ነው።»

«አንዱም?»

«አንዱም አልሆነም። ጡት ሳጠባሽ፣ ሳዝልሽ፣ ደረጃ ሳጸዳ፣ ቢኖር እንዲህ ያደርግ ነበር እያልኩ የኖርኩት ነው።»

የከንፈሬ ቡናማ ቀለም እየደረቀ ይቆጠቁጠኛል፤ በእጄ ጀርባ ጠረግኩት። የግቢያችን በር ጋ ስንደርስ ቆመች። ለማረፍ መሰለኝ፤ ክንዴን ሰጠኋት፣ ያዘችኝ፣ ግን አልተራመደችም።

«የሄደ ዕለት ጠዋት» አለች። «ሆዴ ገፍቶ ነበር። መኪናው ውጭ ጡሩንባ ይነፋል፣ እሱ ተንበርክኮ ጆሮውን ሆዴ ላይ ለጠፈ። ወንድ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሴትም ሊሆን ይችላል ስለው እኔ ሞተር በድምፁ ነው የማውቀው ይለኛል። ይኼኔ ነው የረገጥሽው።»

«ማንን?»

«እሱን ነዋ። ጆሮውን።»

እዚያው በሩ ላይ ቆምኩ። በዚህች አንድ ነገር ውስጥ እኔ አለሁበት። «አመመው?» አልኳት።

«ጮኸ እንጂ!» አለች እናቴ። «ግቢው በሙሉ ወጣ።»